እንግሊዝኛ ለማስተማር ውጭ ለመውጣት የማስተማር ሰርተፍኬት የግድ ነው ወይ?

ማርቆስ ቲቸር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አለኝ። ፒጂዲቲም (የመምህርነት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ወስጃለሁ። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቅ ከተማ 9ኛና 10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ደመወዜን አልናገርም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ደግሞ አታምኑኝም።

ውጭ ወጥቼ የማስተማር ሐሳብ ከያዘኝ ቆይቷል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ግን የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንድ የቴሌግራም ቻናል «120 ሰዓት ቴፍል፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን፣ ሰርተፍኬቱን እንደያዙ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ታይላንድ» ይላል። ቴፍል ማለት እንግሊዝኛን አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የማስተማር ኮርስ ነው። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ይበላል። አብሮኝ የተማረ ልጅ ደግሞ «ሴልታ ካልሆነ ሌላው የግድግዳ ጌጥ ነው» አለኝ። ሴልታ የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት ነው፤ ስፈልገው ከ1 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ብር ስመታው ስልኩን አጥፍቼ ተኛሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የውጭ ዋጋ ማስላት ራሱ ያስፈራል።

ባለቤቴ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ማስተማር ይችላል የሚል ወረቀት ምን ያደርግለታል?» ትላለች። መልስ አጣሁላት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሰርተፍኬቱ የግድ ነው ወይ? ከሆነስ የትኛው? ፒጂዲቲዬ አይቆጠርልኝም? ሞክራችሁ የምታውቁ ብቻ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሸገር ልጅ

ወንድሜ አትጨናነቅ። ርካሹን ግዛና ሲቪህ ላይ ጻፈው፣ አለቀ። ማን ደውሎ ያጣራል? ወረቀት ወረቀት ነው። ዋናው ፍጥነት ነው።

የደሴዋ

ቲቸር ሰላም። ከሸገር ልጅ ጋር ልጣላ ነው የመጣሁት። (ወንድሜ አትቀየመኝ፣ በፍቅር ነው።)

እኔ የማስተምረው ታይላንድ ነው። ሰሜን ምሥራቅ፣ ኮን ኬን የምትባል ከተማ። ከዚያ በፊት ደሴ ነበርኩ፣ እንዳንተው 9ኛ ክፍል።

የጠየቅከው ሦስተኛውን ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ፓስፖርትህ ነው። ሁለተኛው ዲግሪህ። ሰርተፍኬቱ ከእነሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ቻናሉ ግን ከሦስተኛው ጀመረልህ፣ ምክንያቱም የሚሸጠው እሱን ነው።

ከፓስፖርቱ እንጀምር። ኮሪያ ለእንግሊዝኛ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል። ለሰባት አገር ዜጎች የወጣ ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። አንተ ሴልታ ብትይዝ፣ ከእሱ ከፍ ያለውን ዴልታ ብትደርብበት፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ተራ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነህ በዚያ ቪዛ አትገባም። ቻይናም ለቋንቋ መምህር የምትጠይቀው በአብዛኛው የእነዚሁኑ አገሮች ፓስፖርት ነው። ጃፓን የምታየው ሌላ ነገር ነው። ለቋንቋ አስተማሪ በምትሰጠው ቪዛ ላይ በዚያው በምታስተምረው ቋንቋ ቢያንስ 12 ዓመት መማርህን ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆንን ሁሉን ትምህርት በእንግሊዝኛ የምንጀምረው አንተ የምታስተምረው ክፍል ላይ ስንደርስ ነው። እንግዲህ ቻናሉ «በዚህ ሰርተፍኬት ኮሪያ» ካለህ ስለ ቻናሉ ማወቅ ያለብህን አውቀሃል።

አሁን ታይላንድ። እዚህ ሕጉ በዋናነት የሚጠይቀው ዲግሪ ነው። ኩሩሳፋ የሚባል የመምህራን ምክር ቤት አላቸው። የማስተማር ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ በትምህርት ቤቱ በኩል ጊዜያዊ ፈቃድ ከእሱ ያገኛል። ለዚህ የሚቀርበው ዲግሪ ነው እንጂ ቴፍል አይደለም። አፍ መፍቻችን እንግሊዝኛ ላልሆነው ደግሞ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጨምሩብናል። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ቶይክ 600 ነው፣ ከ990። አይኤልትስም ይቀበላሉ።

እኔ ስመጣ ምንም ሰርተፍኬት አልነበረኝም። የተጠየቅኩት የተረጋገጠ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የፈተና ውጤት፣ ፎቶ፣ እና ሳስተምር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮውን የእህቴን ልጆችና የጎረቤት ልጆች ሰብስቤ ሳሎን ውስጥ ነው የቀረጽነው። ስለ ፎቶው ግን አስቀድሜ ልንገርህ። «ፎቶ ላክ» ይሉሃል፣ ትልካለህ፣ ከዚያ ዝም። ማስታወቂያው ላይ «ኔቲቭ ብቻ» (አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ) የሚሉም ሞልተዋል። የምትይዘው ሰርተፍኬት ያንን በር አይከፍተውም። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። ለተመሳሳይ ክፍለ ጊዜም ፈረንጁ የሚከፈለውን አይከፍሉህም። እኔ የጀመርኩት በወር በ22 ሺህ ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው፣ ልክ እንደ ፊሊፒንስ ጓደኞቼ። ፊሊፒኖቹ እዚህ ብዙ ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው፣ የአብዛኞቹ ዲግሪ ደግሞ የትምህርት ነው። የምትወዳደረው ከእነሱ ጋር ነው።

«ታዲያ ሴልታ አለሽ ወይ?» ብትለኝ፣ አዎ፣ አለኝ። የወሰድኩት ግን እዚህ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ፣ በባት ቆጥቤ ነው። እዚህ የትምህርት ዘመኑ በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ላይ ይጀምራል፣ ማርች ላይ ይዘጋል። በመሃል ረጅም እረፍት አለ። ኮርሱ ሙሉ ቀን ከወሰዱት አራት ሳምንት ነው። ባንኮክ ሄጄ ወሰድኩት።

ምን አገኘሁበት? ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚገባው ለዚህ ስለሆነ ነው።

ሴልታ ላይ እውነተኛ ተማሪ ፊት ትቆማለህ። በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ታስተምራለህ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ደረጃ። አሰልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፍሃል። ጓደኞችህም ይጽፉሃል። ሲያልቅ ክብ ሠርታችሁ ትገመገማለህ። ከዚያ ላይ አራት የጽሑፍ ሥራ አለ። የእኛዎቹ ተማሪዎች ነጻ ትምህርት ብለው ከሥራ በኋላ የሚመጡ አዋቂዎች ነበሩ። ነርስ አለች፣ ባንክ የምትሠራ አለች፣ ሞተር ታክሲ የሚነዳ ሰውዬ አለ፤ ብርቱካናማ ሰደርያውን ሳያወልቅ ነው የሚቀመጠው።

መጀመሪያ የደረሰኝ ትምህርት «ዩዝድ ቱ» (በፊት ይደረግ የነበረ፣ አሁን የቀረ ነገር የሚነገርበት) ነበር። ሰሌዳውን ሞላሁት። ፎርሙላውን ጻፍኩ፣ ምሳሌ ደረደርኩ። ዞር ብዬ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የደሴ ልጆች ቢሆኑ «የስ ቲቸር!» ብለው ጣራውን ያነሱት ነበር። አሰልጣኙ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መግባቱን በምን አወቅሽ?»

በሚቀጥለው ትምህርት «ሂ ዩዝድ ቱ ስሞክ» ብዬ ጻፍኩና አጭር አጭር ጥያቄ ጠየቅኳቸው። አሁን ያጨሳል? ባንክ የምትሠራዋ «ኖ» አለች። ባለ ሞተሩ «የስ» አለ። ተያዩ። በፊትስ ያጨስ ነበር? አንዴ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ነርሷ ለባለ ሞተሩ በታይኛ አንድ ነገር አለችው፣ ሰውዬው ሳቀና «ኖው ኖ፣ ቢፎር የስ» አለ። በቃ። ትምህርቱ ያን ጊዜ ገባው። ባለፈው ግን እሱም ከሁሉም ጋር ነቅንቆልኛል።

ይህን ፒጂዲቲ ላይ አልነገሩንም አልልም። ነግረውናል። ግን 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት በሆነበት፣ ማን ይሞክረዋል? ከኋላህ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰውስ የት አለ? ሱፐርቪዥን የሚመጣው ሰው ሌሰን ፕላንህ ላይ ይፈርምና ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አሁን እዚህ ወደ 45 ልጅ ያለበት ክፍል አለኝ፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የምጠይቃቸው።

ስለዚህ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ኮርሱ ላይ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመህ፣ የሚያውቅ ሰው አይቶህ ይነግርሃል ወይ? ሴልታ ላይ አለ። የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ሰርት ቴሶልም ላይ አለ፣ እሱም ስድስት ሰዓት ነው። ከ2020 ወዲህ ሴልታን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መውሰድም ይቻላል፣ ልምምዱም በቪዲዮ ነው። መብራትና ኔትወርክ ካመንክ ማለት ነው።

ቴፍል ግን የማንም የግል ስም አይደለም። «ቴፍል» የሚባል አንድ ፈታኝ መሥሪያ ቤት የለም። እኔም ነገ ጠዋት «የደሴዋ ዓለም አቀፍ ቴፍል» ብዬ ሰርተፍኬት ማተም እችላለሁ። «120 ሰዓት» የሚለውም ቀጣሪዎች የለመዱት ቁጥር ስለሆነ ሁሉም ይጽፈዋል። ሰዓቱን ማን ቆጠረ? ጥሩ ጥሩዎች የሉም አልልም፣ አሉ። ሁለት ወር ደመወዝ ከፍለህ ቪዲዮ አይተህ ምርጫ ጥያቄ ለመመለስ ከሆነ ግን ለልጆችህ ጫማ ግዛበት።

ሸገር ልጅ

😂 እሺ ተሸንፌአለሁ። «የደሴዋ ዓለም አቀፍ ቴፍል» ሲከፈት ቅናሽ ይኑረኝ።

ጋሽ ሻርጃ

ሰላም ልጆቼ። እኔ ኤሚሬትስ ብዙ ቆይቻለሁ፤ የማስተምረው እንግሊዝኛ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ግን መምህራን ሲቀጠሩም ሲመለሱም አይቻለሁ።

እዚህ በትምህርት ቤትና በቋንቋ ማሠልጠኛ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በል። ትምህርት ቤት ከሆነ የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ነው። ዱባይ ውስጥ ኬኤችዲኤ ነው፣ አቡዳቢ አዴክ ነው፣ ሻርጃም የራሱ አለው። የመምህሩ ስም ለእነሱ ይላካል። እነሱ የሚያዩት ዲግሪህ ከምታስተምረው ትምህርት ጋር መገናኘቱንና የመምህርነት ሥልጠና መኖሩን ነው። እዚህ ላይ ያንተ ፒጂዲቲ ከማንኛውም የኦንላይን ቴፍል ይበልጣል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ የመምህርነት ዲፕሎማ ነው፤ አትናቀው። የህንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እዚህ ብዙ ናቸው። ከህንድ የሚመጡት መምህራን ቢኢድ (የመምህርነት ዲግሪ) ይዘው ነው የሚመጡት። ያንተን ከዚያ ጎን አስቀምጠው ነው የሚመዝኑት።

የቋንቋ ማሠልጠኛ ከሆነ ግን ሴልታ ይወዳሉ። የሳዑዲ ዩኒቨርሲቲዎች የመሰናዶ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ማስተርስና ሴልታ አብሮ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ማኅተሙ ነው ሰው የሚጥለው። ዲግሪው አገር ቤት ይረጋገጣል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ኤምባሲ ይሄዳል፣ እዚህም መጥቶ የዚህ አገር ውጭ ጉዳይ ያትምበታል። አንድ ጎበዝ የጅማ ልጅ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ ኦርጂናል ዲግሪው በእጁ ስላልነበረ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሰርተፍኬት ሳይሆን ያ ነው ያስቀረው።

ማርቆስ ቲቸር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፒጂዲቲዬን ትንሽ ከፍ አደረጉልኝ።

የደሴዋ እህቴ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ባለ ሞተሩ» ላይ ስትደርስ ሳቀች። ጥያቄዬ ግን አላለቀም።

አንደኛ፣ ኦርጂናል ዲግሪ በእጄ የለም። ቴምፖራሪ ነው ያለኝ። ኮስት ሼሪንጉ አልተዘጋም።

ሁለተኛ፣ ከዚያው ቻናል ዛሬ በውስጥ መስመር ሌላ መልእክት መጣልኝ። «ሰርተፍኬት ከሌለህም ችግር የለም። ታይላንድ የእንግሊዝኛ ሥራ አለ፣ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ለሚችል። ትኬት በኛ። በቱሪስት ቪዛ ገብተህ እዚያ ይስተካከላል። ቦታው ሜ ሶት ነው» ይላል። ደመወዙ በዶላር ነው፣ ትልቅ ነው። ይህስ እንዴት ነው?

የደሴዋ

ሁለተኛውን በመጀመሪያ እመልሳለሁ። ቲቸር፣ ቁጥሩን አግደው። አሁን። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ እንኳን ቢሆን።

ሜ ሶት የሚያንማር ድንበር ላይ ያለች የታይላንድ ከተማ ናት። ወንዙን ስትሻገር ሚያዋዲ ነው። እዚያ በአጥር የታጠሩ ግቢዎች አሉ። ሰው ተወስዶ በኦንላይን ማጭበርበር ሥራ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ አልሠራም ያለ ይደበደባል። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ከእነዚያ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አብዛኞቹ የተጠሩት ልክ ለአንተ በተጻፈልህ ዓይነት ቃል ነው። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ትኬት በኛ። ትምህርት ቤት «ታይፕ ማድረግ ትችላለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ሌሰን ፕላን ላክልን» ነው የሚለው። እንግሊዝኛ መምህር ፈላጊ ትምህርት ቤት ሜ ሶትም አለ፣ ግን ስሙን ይነግርሃል፣ ስልኩን ይሰጥሃል፣ ለኤምባሲ የሚሆን ደብዳቤ ይጽፍልሃል።

የእውነተኛ ሥራ ሂደት አሰልቺ ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱን ፈቃድና የቅጥር ደብዳቤ ይልክልሃል። አንተ በዚያ ኖን-ቢ የሚባለውን ቪዛ ትጠይቃለህ። ከመጣህ በኋላ የሥራ ፈቃድ ይወጣልሃል። በየ90 ቀኑ አድራሻህን ለኢሚግሬሽን ታሳውቃለህ። ማንም ሰው ሁሉንም በፍጥነት ካቀለለልህ ጠርጥር። የትምህርት ቤቱን ስም ራስህ ፈልገህ፣ ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ደውል። ወኪሉ በሰጠህ ስልክ አይደለም።

አሁን ወደ ኮስት ሼሪንግ። ሰርተፍኬት ልግዛ ወይ ብለህ የጠየቅክበት ገንዘብ መግባት ያለበት እዚህ ነው። በቴምፖራሪ ዲግሪ የትም አትሄድም። መምህር ስለሆንክ ግን ዕድለኛ ነህ። በመምህርነት ባገለገልክበት ጊዜ ዕዳው የሚሰረዝበት አሠራር አለ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዘህ ጠይቅ። መጀመሪያ ይህን አጣራ፣ ምናልባት የምትከፍለው ትንሽ ይሆናል። ኦርጂናሉን ስትቀበል ትራንስክሪፕቱንም አብረህ ጠይቅ። እዚያው ሳለህ ሬጅስትራሩን ሁለት ደብዳቤ ለምነው። አንዱ የተማርክበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ፒጂዲቲ ላይ የማስተማር ልምምድ መውጣትህን የሚገልጽ። ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ ብዙ ሰው አያስበውም። «የማስተማር ሰርተፍኬት አለህ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አንተ አዎ የምትልበት ማስረጃ እሱ ነው።

ከዚያ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል። ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። ከዚያ የምትሄድበት አገር ኤምባሲ። ከወንጀል ነጻ የሚለውን ግን አትቸኩልበት፣ ቶሎ ይበርዳል፤ ቀጣሪዎች አዲስ ነው የሚፈልጉት።

ሲያትል

ከአሜሪካ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ለሚያነቡ የዳያስፖራ ልጆች።

የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላችሁ ኮሪያ ክፍት ነው ብላችሁ አትዝለሉ። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚቀጥረው ኢፒክ ፕሮግራም ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችሁን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር መማራችሁን ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ 10ኛ ክፍል ላይ የመጣች የአክስቴ ልጅ፣ ፓስፖርት አላት፣ ዲግሪ አላት፣ እዚህ ላይ ቆመች። ሰርተፍኬት ደግሞ ቢያንስ 100 ሰዓት የሆነ ቴፍል ወይም የትምህርት ዲግሪ ይጠይቃሉ። እዚያ ሰርተፍኬቱ በእርግጥ የግድ ነው፣ የትምህርት ዲግሪ ካልያዛችሁ።

በኦንላይን ማስተማርን ለሚያስቡ ደግሞ፦ ለቻይና ልጆች ከሩቅ ሆኖ ማስተማር በ2021 ባወጡት ሕግ ተዘግቷል። አሁን የቀሩት መምህሩ ራሱ ዋጋ የሚለጥፍባቸው መድረኮች ናቸው። አይቶኪ ላይ «ፕሮፌሽናል» ተብሎ ለመመዝገብ ሰርተፍኬት ወይም የመምህርነት ዲግሪ ይጠይቃል፣ እንዲሁ ማስጠናት ከሆነ አይጠይቅም። ኢትዮጵያ ሆናችሁ ክፍያውን እንዴት እንደምትቀበሉ ግን ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ።

ማርቆስ ቲቸር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጥሩን አግጄዋለሁ። ከማገዴ በፊት ግን አላስቻለኝም። «ኮሪያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምታስገቡት በየትኛው ቪዛ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። ከዚያ ከቻናሉ አባረረኝ።

ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቄአለሁ። «ለምንድነው?» አሉኝ። «ለኮስት ሼሪንግ» አልኳቸው። የቀረውን አልነገርኳቸውም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቬትናምስ? እና አይኤልትሱን አሁን ልመዝገብ ወይስ ልቆይ?

የደሴዋ

ጎበዝ። አለቆችህ ቪዛ ከመምጣቱ በፊት ምንም አይስሙ።

ቬትናም ሰርተፍኬቱ እውነትም ዝርዝሩ ላይ ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ለሥራ ፈቃድ ዲግሪ፣ የማስተማር ሰርተፍኬት ወይም የመምህርነት ትምህርት፣ ከወንጀል ነጻ እና የጤና ምርመራ ይጠይቃሉ። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ካልሆነ ሰው ደግሞ የእንግሊዝኛ ዲግሪ ወይም ከፍ ያለ የፈተና ውጤት። አንተ የእንግሊዝኛ ዲግሪ ስላለህ አንዱን ዘልለሃል። ፒጂዲቲህን ይቀበሉት እንደሆነ ቀጣሪው ትምህርት ቤት በጽሑፍ ይንገርህ። አንቀበልም፣ ቴፍል አምጣ ካሉ፣ ያን ጊዜ ግዛ። የሥራው ደብዳቤ በእጅህ ሆኖ ነው የምትገዛው፣ የትኛውን እንደሚቀበሉም እነሱ ናቸው የሚነግሩህ።

ሴልታውን ግን ለአሁን እርሳው። ብርህን አይበላም፣ በባት ወይም በዶንግ ትከፍለዋለህ። በአንድ ዓመት ደመወዝህ ቆጥበህ፣ በእረፍት ጊዜ። ወይ ደግሞ ጋሽ ሻርጃ እንዳሉት ዕድሉ ወደ ገልፍ ከወሰደህ ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል።

አይኤልትሱን ቆይ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ኦርጂናል ዲግሪው ሳይወጣ ብትፈተን ወረቀት ስታሳድድ ጊዜው ያልቅብሃል። ፈተናውን አዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስል ይሰጣል፣ ቀን አስቀድሞ ስለሚሞላ ግን የምታስበውን ወር አሁኑኑ እየው። ታይላንድን ካሰብክ ትምህርት ቤቶች ለግንቦት የሚቀጥሩት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ሁሉም ወረቀት ተረጋግጦ በእጅህ ይሁን።

ቪዲዮውን ስትቀርጽ ደግሞ ሰሌዳውን አትሙላው። አምስት ልጆች ሰብስብ፣ አንድ ነገር አስተምር፣ ከዚያ ጠይቃቸው። ፊታቸውን ካሜራው ይየው፣ ያንተን ጀርባ አይደለም። ፓስፖርትህስ እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?